ዓይን ቢበላ ኖሮ

እትዬ የውብዳር መሞታቸውን የሰማሁት ወረታ ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ ነው። ወሬው ለእኔ የተነገረ አልነበረም። ከደብረ ታቦር ሽንኩርት ልትገዛ የወረደች አንዲት ሴት ለሻጯ ስታወራት ሰማሁ። «ያቺ ቡዳ ናት የሚሏት አስተማሪ አረፈች እኮ። ትናንት ተቀበረች» አለቻት። ሻጯም «እሰይ፣ እንኳን የሰው ልጅ ተገላገለ» ብላ ወደ እኔ ዞረችና «ስንት ኪሎ ልመዝንልሽ?» አለችኝ። የመረጥኩትን ሽንኩርት እየመለስኩ «ምንም አትመዝኚ» አልኳት። ሌላም ብዙ ነገር ልላት አስቤ ነበር፤ እንባዬ ቀደመኝ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላል ያገራችን ሰው። ለሌላው ሲባል ደስ ይላል። የእትዬ የውብዳር ስም ግን እንዲህ ሆኖ ሊውል ነው፤ ከሽንኩርትና ከሚዛን መሐል። ይህን በመጻፌ የሚለወጥ ነገር እንደሌለም አውቃለሁ። ያቺ ሽንኩርት ሻጭ የእኔን ጽሑፍ አታነብም፤ ብታነብም አታምንም። ብቻ እኔ የማውቃቸው የውብዳር ሌላ ሴት ናቸው። እሳቸውን ሳልናገር ብቀር ያንቀኛል።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ነው አማርኛ አስተማሪ ሆኜ ደብረ ታቦር የተመደብኩት። እሳቸው ሒሳብ ያስተምሩ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ከክፍል አልፎ አጥር የሚሻገር ሴት ነበሩ። ጠመኔ እንደ አናጢ እርሳስ ጆሯቸው ላይ ይሰኩና ይረሱታል። አንድ እሑድ እንደሰኩት ቤተ ክርስቲያን ሄደው ሲያስቀድሱ ዋሉ። «እትዬ፣ ጠመኔዎን ይዘው እኮ ነው የመጡ» ብላቸው ዳበስ አድርገው አገኙትና «ምናለበት፣ እሱም ይባረክ» አሉኝ። እኔን «አንቺ ተረት አስተማሪ» እያሉ ነበር የሚጠሩኝ። ከመምህራኑ ሁሉ ታናሽ ስለነበርኩ ምሳዬን ሳልበላ የቀረሁ እንደሆነ ይቆጡኛል። ልጅ አልወለዱም። ባላቸው ገና በጠዋቱ ነው የሞቱባቸው። መካንነታቸው ያኔ ማንም ትዝ የማይለው ነገር ነበር፤ በኋላ ግን ነገር ሆነባቸው።

የሚታወቁት በቅዳሜ ክፍላቸው ነው። በትምህርት ቤታችን ተማሪ ፈጣን፣ መካከለኛ፣ ዘገምተኛ ተብሎ ይከፈላል። ማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጠው ለዘገምተኛው ነው። እትዬ የውብዳር ለፈጣኖቹም ይሰጥ ብለው ተነሡ። ርእሰ መምህሩ ሳቁባቸው። «ጎበዙማ ጎበዝ ነው፤ ማጠናከሪያ ምን ያደርግለታል?» አሏቸው። እሳቸውም «እንዴ! በሬው ብርቱ ነው ተብሎ ሣር ይከለከላል?» አሉ። ሰውዬውም የተሰበሩ ወንበሮች የሚከማቹበትን ክፍል ሰጧቸው። ወንበሮቹን ራሳቸው ከልጆቹ ጋር ሆነው በሚስማርና በሽቦ ጠጋገኗቸው።

እዚያ ክፍል ውስጥ መጽሐፍ የሚባል ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። መሬቱን ቆፍረው ገበጣ አበጁ። በሌላው ቤት ገበጣ ሥራ ፈቶች የሚጫወቱት ነው፤ በእሳቸው ክፍል ግን ጠጠሩን ከመዝራትህ በፊት የመጨረሻዋ ጠጠር የት እንደምታርፍ መናገር አለብህ። ከተሳሳትክ ለምን እንደተሳሳትክ ታስረዳለህ። አንድ ቅዳሜ የግቢውን ባሕር ዛፍ ቁመት በጥላው ለኩት። ሌላ ቅዳሜ ከጉና ተራራ የሚወርደው ደመና ከተማው ላይ መቼ እንደሚደርስ ገመቱ። ግምታቸው ሳይሰምር ቀርቶ ሁሉም በዝናብ በሰበሰ። እትዬም አብረው በሰበሱ፤ እየሳቁ።

ከክፍሉ ይልቅ የሚያደክማቸው የወላጆቹ ነገር ነበር። አንድ ልጅ ጎበዝ መሆኑን ባወቁ ቁጥር ቤቱ ድረስ ይሄዳሉ። ብዙ ጊዜ ያስከትሉኛል። «እኔ አንደበቴ ሻካራ ነው፤ አንቺ ታለሳልሺልኛለሽ» ይላሉ፤ ከዚያ አንዲት ቃል አያስተነፍሱኝም። ልመናቸው ሁልጊዜ አንድ ነው። «ከራት በፊት ያለችውን ጊዜ ለልጁ ተዉለት። ውሃ ቅዳ፣ ሕፃን እዘል፣ ፍየል አስገባ አትበሉት። መብራቱም አጠገብ አስቀምጡት። ሲጠይቃችሁ ደግሞ አትቆጡ፤ የማታውቁትን አላውቅም በሉት።» አንድ ሸማኔ አባት ይህን ሰምተው «እትዬ፣ ሌላው ይቅርና አላውቅም ማለቱንስ እችልበታለሁ» ቢሏቸው እስከ ቤታቸው ድረስ ሲስቁ ሄዱ። «ይኼ ሰውዬ ያለውን ሁሉ ነው የሰጠኝ» አሉኝ።

አንድ ነገራቸው ብቻ ያስፈራኝ ነበር። ልጅ ሲያመሰግኑ ልክ የላቸውም። በእኛ አገር የሰው ልጅ ጎበዝ ነው፣ ቆንጆ ነው ብለህ እንዲሁ አትሄድም። «ዓይን አይብላው» ትላለህ፣ «ማርያም ትጠብቀው» ትላለህ፣ እንትፍ ትላለህ። እናቶች ለልጃቸው መጥፎ ስም የሚያወጡትና ፊቱን ጥላሸት የሚቀቡትም ለዚሁ ነው። እሳቸው ይህን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም፤ የዚያው አገር ሰው ናቸው፣ ተወልደው ያደጉት ፋርጣ ነው። አውቀው ነው የተዉት። የልጁን ጭንቅላት በሁለት እጃቸው ይይዙና እናቱ ፊት «ይኼ ጭንቅላት! ይኼ ጭንቅላት እኮ!» ይላሉ። እናትየው ፊቷ ይለዋወጣል። እኔ ከኋላ በክርኔ እየጎሸምኳቸው «ዓይን አይብላው በሉ እንጂ!» እላለሁ። አንድ ቀን ቆጣ ብለው «ዓይን ቢበላ ኖሮ ማን ይራብ ነበር?» አሉኝ። «እዚህ አገር ያለ ልጅ ከተወለደ ጀምሮ የሚሰማው ዝም በል ነው። አንድ ሰው እንኳ ጎበዝ ነህ ይበለው።»

ማንጠግቦሽ የመጣችው ከጉና ተዳፋት፣ ከክምር ድንጋይ ከተማ በላይ ካለ መንደር ነው። ከአገሯ ልጆች ጋር ጠባብ ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። አባቷ አያ ደምሌ በየጊዜው ስንቋን በበቅሎ ጭነው ያመጡላታል፤ ድንች፣ የገብስ ቆሎ፣ ዳቦ። ልጅቱ ከመጣች ጀምሮ ድምፅዋን የሰማ አልነበረም። ፊቷ ክብ፣ ጉንጮቿ ብርድ የላጣቸው፣ ስትቆም አንዱን እግሯን በሌላው ላይ የምትደርብ ልጅ ናት። እኔ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ዝምተኛ ብዬ ትቻት ነበር። እትዬ የውብዳር አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጽፈው ሲያስረዱ እጇን አወጣችና «እትዬ፣ በዚህ በኩል ያጥራል» አለቻቸው። ወጥታም ሠራችው። እትዬ ከተማሪዎቹ መሐል አግዳሚ ላይ ተቀመጡና «እስቲ ድገሚልኝ፤ አልደረስኩብሽም» አሏት። ይህን የነገሩኝ መምህራን ክፍል ገብተው ገና ሳይቀመጡ ነው። «አንቺ ተረት አስተማሪ፣ ዛሬ ተረት የሚመስል ነገር አየሁ» አሉኝ።

በዚያው ዓመት አንድ ነገር ተሰማ። ከየወረዳው ጎበዝ ልጆች በፈተና ሊመረጡ፣ የተመረጡትም ባሕር ዳር አዳሪ ሆነው እስከ መጨረሻው ሊማሩ ነው ተባለ። ፈተናው ከፋሲካ በኋላ ነው። ለከተማው ልጅ ይኼ ዕድል ነው፤ ለማንጠግቦሽ ግን ከዚያም በላይ ነበር። አያ ደምሌ ልጃቸውን ከተማ አኑረው የሚያስተምሩት እስከዚያ ዓመት ማብቂያ ብቻ እንደሆነ ተናግረዋል። እናቷ ታማለች፣ ቤቱ ሰው ይፈልጋል፣ ለትዳር የሚጠይቃትም መጥቷል። ፈተናውን ካለፈች ግን አልጋውም ምግቡም ደብተሩም ከዚያው ነው፤ አባትየውም «መንግሥት ከወሰዳትማ እኔ ማን ነኝ?» ብለው ነበር። እትዬ ያን ሰሞን ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። ቅዳሜና እሑድ ሳይሉ አስጠኗት። «እሷ ካላለፈች ማንም አያልፍም» ይሉኝ ነበር።

የወላጆች ቀን የዋለው ሑዳዴ ሲጋመስ ነው። ወላጆች ግቢው ውስጥ በአግዳሚ ተቀምጠዋል፤ ከገጠር የመጡት ከዛፎቹ ሥር ቆመዋል። እትዬ የቅዳሜ ክፍላቸውን ሊያሳዩ ወጡና መሬት ላይ ገበጣ አስቆፈሩ። ማንጠግቦሽን ጀርባዋን አዙረው አቆሟት። ጠጠሮቹ በየጉድጓዱ ስንት ስንት እንደሆኑ ነገሯት፤ እሷም ሳታይ ጨዋታው እንዴት እንደሚያልቅ ተናገረች። አንድ ጎልማሳ ወላጅ መጥተው ዘሩት፤ እንዳለችው ሆነ። ሌላው ጠጠሩን አዛንቆ፣ ቁጥሩን ነግሮ ሞከራት፤ አሁንም እንዳለችው ሆነ። ያጨበጨበ አልነበረም። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። በዚያ ጸጥታ መሐል እትዬ የልጅቱን ጭንቅላት በሁለት እጃቸው ያዙና በዚያ አጥር በሚሻገር ድምፃቸው «ይህን ሁሉ ዘመን ሳስተምር እንዲህ ያለ ጭንቅላት አይቼ አላውቅም! ወልጄ ቢሆን እንዲህ ያለች ነበር የምመኝ!» አሉ።

ምነው ያቺን የመጨረሻዋን ባላሏት! ልጅ ያልወለደች ሴት፣ የሰው ልጅ ራስ ይዛ፣ በሕዝብ ፊት ተመኘሁ ስትል ሰዉ ምን እንደሚሰማ አውቄ ክው አልኩ። አያ ደምሌ ከዛፉ ሥር ወጥተው የልጃቸውን እጅ ያዙ። እትዬን ግን በአክብሮት እጅ ነሡ፤ ጨዋ ሰው ናቸው።

ሳምንት ሳይሞላ ማንጠግቦሽ ታመመች። ራሷን ይፈልጣታል፣ ይጥላታል፣ ትቃዣለች። አብረዋት የሚኖሩት ልጆች አባቷን አስጠሩ። አያ ደምሌም ከአክስቷ ጋር ሆነው ወንዛዬ ወሰዷት፤ ፍል ውሃው ላይ። እኛ የሰማነው ከሄዱ በኋላ ነው። ቀጥሎ የመጣው ወሬ ደግሞ የከፋ ነበር። ልጅቱን ጭስ እያጠኑ «ማነው የበላሽ? ተናገሪ!» ሲሏት «እትዬ የውብዳር፣ እትዬ የውብዳር» አለች ተባለ።

የእኔ ደም ፈላ። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አንሥተው «ተነሽ፣ እንሂድ» አሉኝ። መኪና ላይ ሆነን «እትዬ፣ ተዉ። ሄደው ምን ሊሏቸው ነው? ስምዎን እኮ እንደ ቡዳ ነው የጠራችዎ» አልኳቸው። «እንደ ቡዳ አይደለም። የታመመ ልጅ የሚጠራ የሚፈልገውን ሰው ነው። ጠራችኝ፤ ስትጠራኝ ልቅር?» አሉ። ሐሙሲት ስንወርድም ከእኔ ቀድመው ወደ ፍል ውሃው መንገድ ገቡ።

ጠበልተኞች የሚያርፉበት የሣር ዳስ ውስጥ ተኝታ አገኘናት። ከንፈሯ ደርቋል፤ ከደጅ ቆመህ ትኩሳቷ ይታወቅሃል። ዓይኗን ገለጥ አድርጋ «እትዬ፣ መጡ?» አለች። አክስቷ ደረቷን እየመታች «ይኸው! ለየቻት!» ብላ ጮኸች። አያ ደምሌ ግን ከእትዬ ፊት ጎንበስ ብለው ቆሙ። ሰውዬው ያለቅሱ ነበር።

«ክፉ አይመስልዎ እትዬ» አሉ። «አንቱን ለማዋረድ አይደለም። ሰው ሳያውቀውም ዓይኑ ይጥላል ይባላል። ልጄ ስምዎን ጠራች። ከልብስዎ ጫፍ ትንሽ ይስጡንና እንጠናት። ይለቃታል።»

«ልጅቱ ሐኪም ቤት ነው መሄድ ያለባት» አሉ እትዬ።

«መርፌ? የያዛት ሳይለቃት መርፌ ከነካትማ አትተርፍም።»

የጠበሉ ቄስም መጥተው ነበር። «ጠበሉ ይበቃል፤ የጨርቁን ነገር ተዉት» ቢሏቸው የሚሰማ አልተገኘም። እኔ ልከራከር አፌን ስከፍት እትዬ በእጃቸው አስቆሙኝ። ሰሌዳ ላይ የከበደ ጥያቄ ሲገጥማቸው እንደሚያደርጉት ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«አያ ደምሌ፣ ጨርቁ ከታጠነ ይለቃታል አይደል የሚሉኝ?»

«ይለቃታል።»

«ከለቀቃት ደግሞ መርፌው አይገድላትም።»

«ከለቀቃትማ… አይገድላትም።»

«እንግዲያው ጨርቁን እሰጣለሁ፤ ልጅቱ ዛሬውኑ፣ አሁኑኑ ሐኪም ቤት ትሄዳለች። ይማሉልኝ።»

«እትዬ!» አልኩ። «ይህን ከሰጡ እኮ አዎ እኔ ነኝ ማለትዎ ነው! ደብረ ታቦር ነው የምንኖር! ነገ ማን ያስገባዎታል?» ጆሮም አልሰጡኝም። አያ ደምሌ ማሉ። እትዬ የነጠላቸውን ጥለት በጥርሳቸው ነክሰው ቀደዱና ሰጡ። አክስትየዋ ፍም ላይ ጣለችው። ጭሱ ሲነሣ «እንትፍ ይበሉባት!» አለቻቸው። እሳቸው ጎንበስ ሲሉ ልጅቱን ግንባሯ ላይ ሊስሟት መሰለኝ። አክስትየዋ «አይስሟት!» ብላ ሸሸገቻት። እትዬ እንደጎነበሱ ቆዩና እንትፍ አሉባት። እንዲህ ያለ ነገር ከማይ ባልተፈጠርኩ ብያለሁ።

አያ ደምሌ ቃላቸውን ጠበቁ። ልጅቱን በቃሬዛ አውጥተን፣ መኪና ለምነን ሐኪም ቤት አደረስናት። ሐኪሙ አይቶ «ተስቦ ነው፤ ትንሽ ብትዘገዩ አትገኝም ነበር» አለ። መድኃኒት ተሰጣት። ቀናት አልፈው ትኩሳቷ ወረደ፤ ቁጭ ብላ ሾርባ ጠጣች። እትዬ ከሐኪም ቤቱ አጥር ውጭ ሆነው ነው ይህን የሰሙት፤ ቤተሰቡ እንዳይገቡ ከልክሏቸው ነበር። መሬት ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። «ዳነችልኝ» አሉ።

መዳኗ ነው የቀበራቸው። ልጅቱ ባትድን ኖሮ የጨርቁ ነገር ከንቱ ነው ይባል ነበር። ጨርቁ ታጠነ፣ ልጅቱ ዳነች፤ እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? ተስቦ፣ መድኃኒት እያልኩ በየቤቱ ብዞር «እሱማ እሱ ነው፤ ጨርቁ ባይኖር መድኃኒቱ ይገላት ነበር» ይሉኛል። እትዬ ልጅቱን ለማዳን የገነቧትን ክርክር ከተማው እንዳለ መለሰላቸው። አንድ ቀዳዳ አላገኘሁባትም።

ፈተናው ሲቃረብ ወደ ጉና እኔን ላኩኝ። እሳቸው ቢሄዱ መንደሩ ይሸሻል። ብርዱ አጥንት የሚሰብር ቀን ነበር። አያ ደምሌ እንደ ዘመድ ተቀበሉኝ፤ ድንች ተቀቀለልኝ፣ ጠላ ተቀዳልኝ። ማንጠግቦሽ ከስታለች፣ ፀጉሯ ተላጭቷል፣ ግን ቆማ ትሄዳለች። ቀዝቃዛ ውሃ አምጥታ እጄን አስታጠበችኝና ዝቅ ባለ ድምፅ «እትዬ ደኅና ናቸው?» አለችኝ። «ደኅና ናቸው፤ ፈተናውን እንድትፈተኚ ነው የላኩኝ» አልኳት። ወደ አባቷ አየች።

ብዙ ለመንኩ። እትዬ በፈተናው ቀን ከከተማው እንደሚወጡ፣ ልጅቱን ዳግም እንደማያዩዋት፣ ባሕር ዳር ሩቅ እንደሆነ ነገርኳቸው። እትዬ ጨርቁን ባይሰጡ ኖሮ ልጅቱ ሐኪም ቤት እንደማትደርስም አስታወስኳቸው።

«እሱንማ አውቃለሁ» አሉ አያ ደምሌ። «ያዳኗትም እሳቸው ናቸው፣ የያዟትም እሳቸው። እግዜር ይስጣቸው። ክፋት እንዳላሰቡም አውቃለሁ። እኔ ሞኝ ሆኜ አይደለም እማስቀራት። መልኳ ቢሆን ያስበላት በሻሽ በሸፈንኩላት። አእምሮዋ ነው። አእምሮ በምን ይሸፈናል ልጄ? ባሕር ዳርስ ሰው የለም? ዓይን የለም? እዚህ ከእናቷ ጋር ሆና፣ ማንም ሳያይባት ትኑርልኝ። ሞታ ከምትማር ሳትማር ትኑር።»

ልጁ ልትሞትበት የነበረ አባት ነው የሚናገረኝ። ማንጠግቦሽ ከበሩ ጥግ አንድ እግሯን በሌላው ላይ ደርባ ቆማ ነበር። ስወጣ እስከ አጥሩ ሸኘችኝና ተመለሰች።

የፈተናው ቀን እትዬ የውብዳር ከከተማው መውጣት አቅቷቸው ከትምህርት ቤቱ ማዶ፣ ከአንድ ሱቅ ጥግ ተከልለው በሩን ሲጠብቁ አየኋቸው። አባትየው ሐሳባቸውን ይለውጡ ይሆናል ብለው ነው። በሩ ተዘጋ፤ እሳቸው ቆመዋል። ፈታኞቹ ጨርሰው ሲወጡም ቆመው ነበር። ከቅዳሜ ክፍላቸው ሌሎች ልጆች ተፈትነው አለፉ፤ እንኳን ደስ ያለዎ ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁልኝ።

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። በሚቀጥለው ዓመት የቅዳሜ ክፍሉ ቀስ በቀስ ባዶ ሆነ። የሚጣላቸው ወላጅ አልነበረም፤ ሁሉም በትሕትና ነው። «ቅዳሜ ገበያ ነው እትዬ»፣ «አያቱ ታመው ነው እትዬ»። ያ ሸማኔ አባት እንኳ ልጃቸውን አስቀሩ። በመጨረሻ እትዬ አንዲት ቅዳሜ ብቻቸውን ገብተው፣ በሽቦ የታሰሩትን ወንበሮች ደርድረው፣ ቁልፉን ለርእሰ መምህሩ መለሱ። መምህራን ክፍል ውስጥ ምሳ ሲከፈት ጀርባውን የሚሰጣቸው መጣ። የተማረ ሰው ነው እኮ! ባዮሎጂ አስተማሪው ሳይቀር! እኔ በዓይናቸው ፊት እየጎረስኩ እውላለሁ፤ በእልህ ወፈርኩ። እሳቸው ግን ሰው እንዳይጨነቅ ብለው በምሳ ሰዓት ግቢ ውስጥ መዞር ለመዱ። ልጆችንም ማመስገን ተዉ። ደብተር ሲያርሙ አቀርቅረው «ልክ ነው» ብቻ ይላሉ። ድምፃቸው ከአጥር መሻገሩ ቀረ።

ስንት ጊዜ «ወደ ሌላ አገር ይዛወሩ» ብዬ ለመንኳቸው። «ሌላ አገር ያሉትን ልጆች አላውቃቸው» ይሉኛል። ምንም ላደርግላቸው አልቻልኩም። ወሬ አትመታው፣ አትከሰው፣ አትማልደው ነገር ነው። ቆይቶ እኔ በትዳር ምክንያት ወረታ ተዛወርኩ። እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር፤ ስሄድ ደስታቸው፣ ስመለስ ዝምታቸው አይጣል ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጠይቃቸው ሄጄ ወደ መኪና መናኸሪያ ይሸኙኝ ነበር። ጡረታ ወጥተዋል፤ ክንዴን ይዘው ነው የሚሄዱት። ከፊታችን ሁለት ሴቶች መጡ። አንደኛዋ ባልቴት ናት። ሌላዋ ሕፃን አቅፋለች። ፊቷን ሳየው ለየኋት፤ እንደ ድሮው ክብ ነው። ማንጠግቦሽ ናት። እሷም አየችን፤ ቆመች። አፏ ሊከፈት ሲል አየሁ። ባልቴቷ፣ አማቷ መሆኗ ነው፣ እትዬን አይታ ክንዷን ጨበጠቻትና አንድ ነገር አለቻት። ማንጠግቦሽ ነጠላዋን ስባ የሕፃኑን ፊት ሸፈነች።

እትዬ ከእኔ ቀድመው አይተዋታል። ክንዴን ለቀው ወደ አጥሩ ዞሩና ግንባራቸውን ግንቡ ላይ አስደግፈው ቆሙ፤ እስኪያልፉ። ሰው ያየ እንደሆነ ያዞራቸው ይመስለዋል። ማንጠግቦሽ በአጠገባችን ስታልፍ እርምጃዋን አዘገየች፤ አማቷ ጎተተቻት። ዘወር ብላ አየችን፤ ከዚያ ሰው ሸፈናት።

እትዬ ከግንቡ ሲዞሩ ፊታቸው ላይ ኖራ ነበር። በነጠላዬ ጠረግሁላቸው።

«ሄዱ?» አሉኝ።

«ሄዱ።»

«ጤነኛ ናት አይደል? ወፍራለች?»

«ጤነኛ ናት እትዬ።»

ትንሽ ተራመድን። ከዚያ ቆም አሉና ክንዴን ጠበቅ አድርገው ያዙኝ።

«ሕፃኑስ? ዓይኑ ነገር ይከተላል? አየሽው?»

መዋሸት ፈልጌ ነበር፤ አልሆነልኝም። «አላየሁትም እትዬ። ሸፍናው ነበር» አልኳቸው።

«ደግ አደረገች» አሉ። «ደግ አደረገች፤ ትሸፍነው።»